ከሰልና ብቅል

ብርጭቆው ፊቴ ተቀምጧል፤ መንካት ግን አልተፈቀደም።

«መጀመሪያ ሣሉት» አለችን መምህርቷ። «ዓይናችሁ ከብርጭቆው ላይ አይነሣ፤ እጃችሁ ብቻ ወረቀቱ ላይ ይሂድ። ወረቀቱን ያየ እንደገና ይጀምራል።»

አሥራ አራት ሰዎች ነን። የኅዳር መጨረሻ ነው፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ዝናቡን አግድም እየነዳ መስኮቱን ይደበድበዋል። ያለንበት ቤት የኤድንብራ ወደብ በሆነችው በሊት፣ ከመንገዱ ጥቂት ደረጃዎች ወርደው የሚገቡበት የድንጋይ ምድር ቤት ነው። ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በየሰዉ ፊት ወረቀት የተለጠፈበት ሰሌዳ፣ ሁለት ቀጫጭን ከሰል፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ ግራጫ ላጲስ፣ ትንሽ የውኃ ማንጠባጠቢያ፣ እና ያ ያልተነካ ብርጭቆ አለ። ግርጌው ላይ ያለው ውስኪ ቀለሙ የነጭ ማር ነው፤ መጠኑም ከአንድ የአረቄ መለኪያ ግማሽ አይሞላም።

ወደዚህ ያመጣችኝ ጓደኛዬ ናት። በዚህ ከተማ በነርስነት ዓመታት አስቆጥራለች፤ እኔ ለአንድ ወር ሥራ መጥቼ እሷ ዘንድ አርፌያለሁ። «ሥዕል እየነደፉ ውስኪ የሚቀምሱበት ምሽት አለ፤ ትመጫለሽ?» ስትለኝ ሁለቱ ነገሮች እንዴት በአንድ ገበታ እንደሚቀርቡ አልታየኝም ነበር። እኔ የማውቀው ውስኪ ሠርግ ላይ ጠረጴዛው መሀል የሚቆም ጠርሙስ ነው፤ ጣዕሙን ሳይሆን የደጋሹን አቅም የሚናገር። ሥዕልን ደግሞ ተማሪ ቤት ትቼው ወጥቻለሁ።

ከሰሌን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ጀመርኩ። የብርጭቆ አፍ ክብ እንደሆነ አውቃለሁ። ዓይኔ ግን ከተቀመጥኩበት ሆኖ ክብ አላየም፤ ያየው ጠፍጣፋና ረዘም ያለ፣ ከወዲህ ወፈር ከወዲያ ቀጠን ያለ ነገር ነው። ከአፉ ወረድኩ፤ አንገቱ ጠበበ፤ ከዚያ ሆዱ ሰፋ። እጄ ከዓይኔ እኩል እንዲሄድ ስጠብቀው ትንፋሼ ራሱ ቀስ አለ። ወረቀቱን እንድናይ ሲፈቀድልን መስመሮቼ አልተጋጠሙም፣ እግሩም ከሆዱ ተገንጥሎ ቆሟል። ሆዱ ግን ትክክል ነበር። ወረቀቱን እያየሁ ብሥል ኖሮ እንዲህ ያለ ሆድ አልሥልም ነበር፤ የማውቀውን ብርጭቆ ነበር የምሥለው።

ልምምዱን ለብዙዎች ያስተዋወቀው በኒውዮርኩ አርት ስቱደንትስ ሊግ ያስተምር የነበረው ኪሞን ኒኮላይደስ ነው። ይህን ያስተማረበት መጽሐፉ የታተመው እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1941 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌያለሁ)። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፦ የእርሳስህ ጫፍ ወረቀቱን ሳይሆን ዕቃውን ራሱን እየነካ እንደሆነ እመን፤ ዕቃውን እስክትዳስሰው ድረስ አትቸኩል። ሰው አንድን ነገር ገና ሲያየው ስሙን ያስባል፤ ስሙ ከመጣ ደግሞ ማየቱን ያቆማል። «ብርጭቆ» ካልን በኋላ ብርጭቆውን የሚያየው ማን ነው?

«አሁን አሽትቱ» አለ አቅማሹ። ጢሙ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው፤ ዕድሜውን በውስኪ ማውጫ ቤቶች አሳልፏል። አፍንጫን እንደ ቢራ ብርጭቆ ውስጥ መንከር እንደማያስፈልግ፣ አፍን ትንሽ ከፈት አድርጎ ከአፋፉ ማሽተት እንደሚበቃ አሳየን። ብርጭቆው ግሌንኬርን ይባላል፤ ገበያ የወጣው በ2001 ነው። ሰፊው ሆዱ ሽታው እንዲነሣ ቦታ ይሰጠዋል፣ ጠባቡ አንገቱ ሰብስቦ ወደ አፍንጫ ያደርሰዋል። ይህን ሲናገር ቀድሜ የማውቀው መሰለኝ። ያንን ሆድና ያንን አንገት ገና አሁን በእጄ ወርጄባቸዋለሁ።

ከዚያ አሠራሩን መተረክ ጀመረ። ገብሱ ሁለት ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ወጥቶ ይሰጣል፤ ሥር ሲያበቅል ይደርቃል፤ ይፈጫል። እኔና ጓደኛዬ ተያየን። «ብቅል!» አለች በአማርኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሰዎቹ ዞር ሲሉ አስረዳቻቸው፦ እኛ አገር ይህን የማያውቅ ቤት የለም፤ ጠላ ያለ ብቅል አይጠመቅም። እህሉ ሊበቅል ሲል በውስጡ የሚነቁት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾው የሚበላው ያንን ስኳር ነው። ይህን የእኛ እናቶች ሳይንሱን ሳይማሩት በእጃቸው ያውቁታል፤ ብቅሉ በደንብ ካልበቀለ ጠላው እንደማይሆን ይናገራሉ።

ስኮትላንዳውያኑ የተፈጨውን ብቅል በሙቅ ውኃ ያጥቡታል፤ ጣፋጩን ውኃ ከእርሾ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ያፈሉታል። ጌሾ የለውም። የሚወጣው 8 በመቶ ገደማ አልኮል ያለው፣ ቢራ የሚመስል ነገር ነው። ይህ አንገቱ ረጅም በሆነ የመዳብ ጋን ይፈላል፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል፤ የተጠራቀመው ደግሞ በሌላ መዳብ እንደገና ይፈላል። ከሁለተኛው ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ተለይቶ ይቀመጣል፣ መጨረሻ የሚመጣውም እንዲሁ፤ የሚወሰደው 70 በመቶ አካባቢ ያለው መሀሉ ብቻ ነው።

«ዳግም አረቄ» አለችኝ ጓደኛዬ በሹክሹክታ።

እውነቷን ነው። አያቴ የኖረችው ደብረ ብርሃን ነው፤ ገብሱ የሞላበት፣ ብርዱ ከዚህ ከኤድንብራ የማይተናነስበት፣ አረቄውም በስሙ የሚጠራበት አገር። እዚያ ተራው አረቄ አንዴ የወጣው ነው፤ ዳግሙ እንደገና የወጣው። አንዲት አረቄ አውጪ ጓሮዋ ውስጥ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት፣ ይህን ሁሉ ሥራ ብቻዋን ትሠራለች። ልጆቿን የምታስተምረው በዚያው ነው። ስለ እጇ ሙያ አሥራ አራት እንግዶች ተሰብስበው ሲያደንቁ ግን አይቼ አላውቅም። አቅማሹ የመዳቡን ጋን አንገት በፍቅር ሲገልጽ እየሰማሁ ይህ ከበደኝ።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዳግም አረቄ እንደ ውኃ ጠርቶ ይወጣል፤ እንደጠራም ይጠጣል። የስኮትላንዱም ከመዳቡ ሲወጣ ልክ እንደዚያው የጠራ ነው። በሕጉ ግን ገና ውስኪ አይባልም፤ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል፣ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ቢያንስ ሦስት ዓመት መተኛት አለበት፤ ሲታሸግም ከ40 በመቶ መውረድ የለበትም። ፊቴ ያለው የማር ቀለም የመጣው ከእንጨቱ ነው። ስሙ ደግሞ «የሕይወት ውኃ» ከሚለው የጌሊክ ስያሜ ተቆርጦ የቀረ ነው፤ «ውኃ» የሚለው ብቻ ተርፎ «ውስኪ» ሆነ። በ1490ዎቹ አጋማሽ በንጉሥ ጄምስ አራተኛ የሒሳብ መዝገብ ላይ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ ይህን የሕይወት ውኃ እንዲሠራበት ስምንት መስፈሪያ ብቅል መሰጠቱ ተጽፏል። ስለ ስኮትላንድ ውስኪ የሚታወቀው የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስረጃ ይኸው የብቅል ወጪ ነው።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ሎውላንድ ከሚባለው የስኮትላንድ ውስኪ አካባቢ የመጣ፣ ቀለል ያለ ነበር። ሁለተኛው ስፔይሳይድ ከሚባለው ሌላ አካባቢ ነው፤ የሼሪ ወይን በነበረበት በርሜል የተኛ፣ ቀለሙ እንደ ሻይ የጠቆረ። አቅማሹ ክብ ሥዕል ያለበት ወረቀት አደለን። በ1970ዎቹ መጨረሻ የስኮትላንድ ተመራማሪዎች የውስኪን ሽታ ሁሉም በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገርበት ብለው ያዘጋጁት የቃላት መንኮራኩር አለ፤ ይህ ከዚያ የተቀዳ ነው። ጎረቤቴ «የገና ኬክ» አለች። ሌላው «ሄዘር» አለ፤ በተራሮቻቸው ላይ የሚያብብ ሐምራዊ ቁጥቋጦ ነው። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሄዘር አሽትቼ አላውቅም፤ የገና ኬክም ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ብርጭቆውን ደጋግሜ አሸተትኩ፤ በመንኮራኩሩ ላይ ያሉትን ቃላት ደጋግሜ አነበብኩ። በቃላቱ በኩል ስፈልገው ሽታው ይሸሸኝ ጀመር።

ጓደኛዬ ከንድፏ ጥግ ላይ በከሰል የጻፈችውን አየሁ። ለመጀመሪያው ብርጭቆ «ቆሎ፣ የገብስ፣ ገና ከምጣድ የወረደ»። ለሁለተኛው «ቴምር። ኮረሪማ ሲፈለፈል»።

ብርጭቆውን መልሼ አነሣሁ። ቴምሩ አለ። ኮረሪማውም፣ ያ ካምፎር የመሰለው ቅዝቃዜው ሳይቀር፣ አለ። የሽታ ነርቭ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት ተለይቶ ስሜትና ትዝታ ወደሚያዙበት የአንጎል ክፍል በአቋራጭ ይገባል ይላሉ የዘርፉ ሰዎች፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የሚያሸተው ካደገበት ጓዳ ነው። ለአቅማሹ ነገርኩት። መንኮራኩሩን ከፊቴ አንሥቶ ገለበጠውና ነጩን ጀርባ ሰጠኝ። «የራስሽን ጻፊበት» አለኝ።

በዕረፍቱ ሰዓት ወሬው ወደ ሥዕልና መጠጥ ዞረ። ሁለቱ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። መምህርቷ በ2005 ብሩክሊን ውስጥ ሞሊ ክራባፕል የምትባል ሠዓሊ የጀመረችውን ዶክተር ስኬቺስ የተባለ ስብስብ አነሣች፤ ሞዴሉን ከትምህርት ቤት ስቱዲዮ አውጥቶ መጠጥ ቤት ያስገባ፣ ከዚያም ወደ ብዙ ከተሞች የተዛመተ ነው። እኔ ከሁለት ቀን በፊት በስኮትላንድ ብሔራዊ ጋለሪ ፊቱ የቆምኩትን ትልቅ የአጋዘን ሥዕል አነሣሁ። ኤድዊን ላንድሲር በ1851 አካባቢ የሣለው «የሸለቆው ንጉሥ» ነው። የተሣለው ለእንግሊዝ ላዕላይ ምክር ቤት የመመገቢያ ክፍል ነበር፤ የታችኛው ምክር ቤት ግን ገንዘቡን አልፈቅድም አለ። ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ የውስኪ ነጋዴዎች ሀብት ሆነ፤ አጋዘኑም በማስታወቂያና በጠርሙስ ላይ ዓለምን ዞረ። ጋለሪው በ2017 በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያስቀረው ባለቤቱ ዲያጆ የተባለው የመጠጥ ኩባንያ ነበር።

የእኛን ሠርግ ጠረጴዛ የሚነካው ግን ሌላ ንድፍ ነው። በጆኒ ዎከር ጠርሙስ ላይ ረጅም ባርኔጣ አድርጎ በትር ይዞ የሚራመደውን ሰውዬ የማያውቅ የለም። እሱን የነደፈው ቶም ብራውን የተባለ የካርቱን ሠዓሊ ነው፤ በ1908፣ ምሳ ላይ ተቀምጦ፣ በምግብ ዝርዝር ወረቀት ጀርባ ላይ እንደነደፈው ይተረካል። በዓመቱ «ሬድ ሌብል»ና «ብላክ ሌብል» የሚሉት ስሞች መጡ። ስንት ድግስ ላይ ያንን ሰውዬ እያየሁ ተቀምጫለሁ። በጥቂት ደቂቃ የተጫረ መስመር መሆኑን አንድም ቀን አላየሁትም።

ሦስተኛው ብርጭቆ ከካምቤልታውን ነበር። በአንድ ወቅት ከ20 በላይ ማውጫ ቤቶች የነበሯት፣ ዛሬ ሦስት የቀሯት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ጨው ጨው ይላል። ቶሎ አለፍነው፤ ሁላችንም ዓይናችን የገባው ሰው ላይ ነበር።

ሞዴላችን ጡረታ የወጣ በርሜል ሠሪ ነው። ከመብራቱ ሥር በዝቅተኛ ወንበር ተቀመጠ፤ የበርሜል ሳንቃ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን በላዩ አሳረፈ። ሃያ ደቂቃ ተሰጠን። «እጆቹን ብቻ ሣሉ» አለች መምህርቷ።

እጅ ከባድ ነው። አምስት ጣት ብለህ ከጀመርክ ሹካ ትሥላለህ። ስለዚህ ጣት አልፈለግኩም፤ በጣቶቹ መሀል ያለውን ጥላ ፈለግኩ። ጥላው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ቀጥሎ ያለው ጠባብ ቅጠል ይመስላል። ጥላዎቹን ሳጠቁር ጣቶቹ ከመሀላቸው ብቅ አሉ። የቀኝ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ዞሯል፤ መዶሻ ለዓመታት ሲይዝ የዞረ ይመስለኛል። እሱ ሳይንቀሳቀስ ስለ ሥራው ያወራል። በርሜል ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያም የለውም፤ ሳንቃዎቹ በእሳትና በእንፋሎት ይለዝባሉ፣ የብረት ቀለበቱ ጨምቆ ያይዛቸዋል። ሊያንጠባጥብ በሚችለው ቀዳዳ የደረቀ ደንገል ይጠቀጠቃል። የአሜሪካኖቹ ቡርቦን ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል እንዲተኛ ሕጋቸው ያዛል፤ አንዴ የተጠቀሙበት በርሜል ለቡርቦን ስለማያገለግላቸው ወደ ስኮትላንድ ይመጣል። እዚህ የሚተኛው አብዛኛው ውስኪ የሌላ አገር መጠጥ በለቀቀው ቤት ያድራል። በየዓመቱም ሁለት በመቶ ያህሉ በእንጨቱ ቀዳዳ ተንኖ ይሄዳል፤ እነሱ የመላእክት ድርሻ ይሉታል።

ሲጨርስ ሳንቃውን አዞረልን። ውስጡ ጥቁር ነው፤ ገና ትናንት የጠፋ እሳት ይመስላል። በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ ጠቆረ። «ፈቅፍቂው» አለኝ ሰውየው። ትንሽ ቅርፊት ተነሣልኝ። ወረቀቴ ላይ ስስበው መስመር ሰጠ፤ ከያዝኩት ከሰል ትንሽ የሻከረ፣ ትንሽ ቡናማ ያዘለ። የአውራ ጣቱን ጥላ በእሱ ጨረስኩት።

የሠዓሊ ከሰል የአኻያ ቀንበጥ ነው፤ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ታሽጎ ይቃጠላል፣ ከሰል አክሳዮቻችን እንጨቱን አፈር አልብሰው እንደሚያከስሉት። የበርሜሉ ከሰል ደግሞ ውስኪው ውስጥ ያለውን የድኝ ሽታ ይስባል፤ ከሥሩ ያለው የተጠበሰ እንጨት ቫኒላ የመሰለውን ጣዕም ይሰጣል። ከዚያ ምሽት ሁሉ ከእኔ ጋር የቀረው ይህ ነው። ስቀምሰው ያመሸሁትና ስሥልበት ያመሸሁት ነገር አንድ የተቃጠለ እንጨት ነበር።

መጠጡ እጅ ያፍታታል የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላየሁትም። አራቱ ብርጭቆ ተደምሮ ሁለት መለኪያ አይሞላም፤ መትፊያም ቀርቦልናል። እጄን ያፍታታው መጠበቁ ነው። ስንሥል መቅመስ አይቻልም፤ ስንቀምስ ከሰሉ ይቀመጣል። በሁለቱ መሀል ሰው ስልኩን እንኳ ሳያነሣ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

አራተኛው ብርጭቆ የአይላ ደሴት ነው። ከመምጣቱ በፊት ሽታው መጣ።

አይላ ዛፍ የማይበዛባት፣ ረግረግ የሞላባት ደሴት ናት። በረግረጉ ውስጥ ሣርና ሌላው የረግረግ ዕፅዋት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ተጠቅጥቆ ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ፒት ይሉታል። ቆርጠው አድርቀው ያነዱታል፣ ዛፍ በሌለበት ደጋ እኛ ኩበት እንደምናነደው። ብቅሉ ሲደርቅ የዚህ ጭስ ይገባበታል። ጭሱ በብቅሉ ላይ የሚተዋቸው ውሕዶች ይለካሉ፤ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የአርድቤግ ብቅል በሚሊዮን 55 እጅ ያህል ይይዛል። ከጭሱ ሽታ ምንጮች አንዱ ጓያኮል የሚባል ሞለኪውል ነው። አቅማሹ ሦስት ጠብታ ውኃ እንድንጨምር ነገረን። ጓያኮል ከአልኮል ጋር ተጣብቆ መኖር ይወዳል፤ ውኃ ሲጨመር ግን ወደ ላይኛው ገጽ ይወጣል፣ ለአፍንጫም ይቀርባል። ይህን በ2017 ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት አሳይተዋል።

ጠብታዎቹን ጨመርኩ። ጎረቤቶቼ «ሆስፒታል» አሉ፣ «አዮዲን» አሉ፣ «የባሕር ዳር እሳት» አሉ።

እኔ ያሸተትኩት ወይራ ነው። ወይራ የታጠነ ጋን። የአያቴ ጓሮ፣ ለማኅበር ጠላ ሊጠመቅ፣ ፍሙ ላይ የወይራ ስንጥር ተጥሎ ጋኑ ሲደፋበት፣ ከጋኑ ከንፈርና ከመሬቱ መሀል ጭሱ እንደ ነጭ ክር ሲወጣ። ጉሮሮዬ ተዘጋ። አቅማሹ ዝምታዬን አይቶ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። እነሱ ብቅሉን ያጥናሉ፤ እኛ ሸክላውን። ሸክላው ጭሱን በቀዳዳዎቹ ጠጥቶ ለጠላው ይሰጠዋል። «ወ-ይ-ራ» እያልኩ ሳስተምረው ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ በሁለተኛው ሙከራ ጥሩ አድርጎ ጠራው።

የመጨረሻው ሥዕል ከትዝታ ነበር፤ አምስት ደቂቃ። የተደፋውን ጋን ሣልኩ፣ ጭሱን ሣልኩ። አያቴን በቀኝ በኩል አጎንብሳ፣ እጇ በጋኑ ላይ። ጋኑን ግን አጋድዬ ነበር የሣልኩት፤ በግራ በኩል ምን ደግፎት እንደነበር ልደርስበት አልቻልኩም። ድንጋይ ይሆን? ጊዜው አለቀና የግራውን ባዶ ተውኩት።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ዘንድ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እማማ ጋኑን የምታጥነው በወይራ ነበር አይደል?»

«ወይራው ኋላ ነው እንጂ! መጀመሪያ በግራዋ ቅጠል ፈትጋ ታጥበዋለች። ከዚያ ጥንጁት። ወይራውን መጨረሻ ነው የምታስከትለው። ምነው፣ ደኅና ነሽ ልጄ?»

«ደኅና ነኝ። ጋኑ እንዳይወድቅ በወዲያ በኩል ምን ነበር የምታስደግፈው?»

እናቴ ሳቀች። «ምን ታስደግፈዋለች? አንቺን ነዋ! ጭሱ ዓይኔን እያልሽ፣ በነጠላሽ አፍንጫሽን ይዘሽ፣ በዚያ በኩል የምትይዢላት አንቺ ነበርሽ።»

ሥዕሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከበርሜሉ የፈቀፈቅኩት ቅርፊት አብሮት ተጠቅልሎ ነበር። አነሣሁትና የነጠላውን ጫፍ ጀመርኩ።